ባለ ሁለት ክፍሉን የመኪና ዘንግ በአንድ ወጥ ዘንግ ስለ መተካት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና፥ ገና የከተማውን ዳር እንደ ለቀቀ የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየተጠማዘዘ መውጣት አለበት፤ ያው መኪና በማግሥቱ ወደ ደወሌ የሚወስደውን የክፍያ መንገድ ይዞ በረሓውን በፍጥነት ያቋርጣል። በዳገቱ ላይ የሚያስጨንቀው የጭነቱ ኃይል ነው፤ በሜዳው ላይ የሚያስጨንቀው የዙሩ ፍጥነት ነው፤ ሁለቱንም ፈተና የሚቀበለው ደግሞ ከካምቢዮ እስከ ኋላው ዲፈረንሻል በመኪናው ሆድ ሥር የተዘረጋው፥ መካኒኮች ፕሮፔለር ሻፍት የሚሉት የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ ነው።

ርዝመት ባላቸው ፒክአፖችና የጭነት መኪናዎች፥ ለምሳሌ በብዙዎቹ ሃይሉክሶችና ኢሱዙዎች፥ ይህ ዘንግ አንድ ወጥ ሳይሆን በሁለት የተከፈለ ነው፤ በመጋጠሚያው ላይም በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ከሻንሲው ጋራ በብሎን ታስሮ መካከሉን ይሸከመዋል። ጎማው በድሬዳዋ ሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ፥ ኩሽኔታውም አሸዋ ገብቶበት መጮኽ ሲጀምር፥ ባለ መኪናው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል፤ በዚያም ከመኪናው ፋብሪካ ሳይሆን ከሌላ አምራች የመጣ፥ የመሐል ኩሽኔታ የማያሻው አንድ ወጥ ዘንግ እንዳለ ይነገረዋል። ሻጩ «ቀላል ነው፥ የሚበላሽ ነገር የለውም፥ አይጮኽም» ቢል ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ዳሩ ግን ያልተናገረው ከተናገረው ይበልጣል፤ ይህም መመሪያ የተጻፈው ያልተናገረውን ለማሟላት ነው። ዘንጉን ፈትቶ ሌላውን ማሰር ለአንድ ደኅና መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው ግን ከግዢው በፊት በሚደረጉት ሦስት ልኮች፥ ማለት በርዝመቱ፥ በውፍረቱና በማዕዘኑ ላይ ነው፤ እነዚህን ሳይለካ የገዛ ሰው ገንዘቡን ለዕድል እንደ ሰጠ ይቈጠር።

ጉዳዩ የማይመለከታቸውን አስቀድመን እናሰናብት። ቪትዝና እርሱን የመሰሉት፥ ሞተራቸው የፊት ጎማዎቻቸውን የሚያዞር ትንንሽ አውቶሞቢሎች፥ እንዲህ ያለ ዘንግ ከቶ የላቸውም። በሐረርና በድሬዳዋ በታክሲነት ብዙ ዘመን ያገለገለው ፔጆ 404 ደግሞ ዘንጉ በወፍራም ቧንቧ ውስጥ ተዘግቶ የሚዞር፥ ቧንቧውም ራሱ የኋላውን አክስል ግፊት ተቀብሎ ወደ መኪናው አካል የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች የሚነገረው ለእርሱ አይሆንም፤ የፔጆ ባለቤት ፔጆ ሲፈታ የኖረ ባለሙያ ይፈልግ።

የቀረነው እንግዲህ፥ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝምና፥ በእርግጥ ጥፋቱ የዘንጉ መሆኑን እንመርምር። መኪናው ሲነሣ ወይም ነዳጅ ሲለቀቅና ሲረገጥ ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ቢሰማ፥ ክሮቼራው፥ ማለት በዘንጉ ጫፍ ያለው ባለ መስቀል መጋጠሚያ፥ አልቋል ወይም በዘንጉ ላይ ወጣ ገባ የሚለው ጥርሳም መጋጠሚያ ላልቷል ማለት ነው። መንቀጥቀጥ ከሆነ ግን፥ በሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ላይ ሳሉ ማርሹን ወደ ዜሮ ያውጡት፤ ሞተሩ ዙሩን ቀንሶ ሳለ መንቀጥቀጡ ካልተለወጠ ምክንያቱ ከጎማዎቹ ወይም ከዘንጉ ነው። ጎማን ማስመዘን ዘንግ ከመግዛት እጅግ ይረክሳልና ከእርሱ ይጀምሩ፤ ያልተመዘነ ጎማ ይዘው ዘንግ የለወጡ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ቀጥሎ መኪናው ቆሞ፥ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፥ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፥ ከሥር ገብተው ዘንጉን በሁለት እጅዎ ይያዙና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጠማዝዙ፤ ወደ ላይና ወደ ታችም ያንቀሳቅሱት። በክሮቼራው ክዳኖች ዙሪያ ቀይ የዛገ ዱቄት ካዩ፥ ውስጡ ግሪስ ካጣ ቈይቷል። ተፈትቶ ሲወጣ መስቀሉን በብርሃን ይመልከቱት፤ እንደ መስተዋት መብራት የሚገባው ክንዱ ላይ መርፌ መሰሎቹ ሮለሮች ተርታውን ቀጫጭን ሰረዝ አትመውበት፥ ጥፍርዎን ቢያሳልፉበት የሚይዝዎ ከሆነ፥ ያ መስቀል ግሪስ አያድነውም። ይሁን እንጂ ክሮቼራ ብቻ ወይም የመሐሉ ኩሽኔታ ብቻ ካለቀ፥ ያንኑ መለወጥ ይበቃል፤ ስለ ሌላ ዘንግ ማሰብ ተገቢ የሚሆነው ቧንቧው ሲጐብጥ፥ ሲሰረጐድ ወይም ጥርሱ ሲላላ ነው።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። ማንኛውም ዘንግ የቱንም ያህል ርቱዕ ሆኖ ቢሠራ፥ ክብደቱ በማእከሉ ዙሪያ ፍጹም እኩል አይሆንም፤ ዙሩ በፈጠነ ቍጥርም መካከሉ ወደ ውጭ መለጠጥ ይሻል። ለእያንዳንዱ ዘንግ የተወሰነለት አንድ አደገኛ ፍጥነት አለ፤ ወደዚያ ሲቀርብ፥ ሁለት ሕፃናት ዳርና ዳር ይዘው እንደሚያዞሩት ገመድ መካከሉ ተነፍቶ ይሽከረከራል፤ ጥቂት ቢቈይበትም ተሰብሮ የመኪናውን ወለል ሊበሳ ይችላል። ይህ ፍጥነት የሚወሰነው ከሁሉ ይልቅ በርዝመቱ ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን አደገኛው ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ፋብሪካው ዘንጉን በሁለት የከፈለው ባለ መኪናውን ለማስቸገር አልነበረም፤ አጭር ዘንግ ይህን አደጋ ከመኪናው ፍጥነት በላይ አርቆ ስለሚያስቀምጠው ነው። እንግዲህ ሁለቱን ወደ አንድ የሚመልስ ሰው፥ በርዝመት ያጣውን በውፍረት መመለስ ይኖርበታል።

ምን ያህል ውፍረት እንደሚበቃ በግምት ሳይሆን በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። ለብረት ቧንቧ፥ የውጭውንና የውስጡን ስፋት በሚሊሜትር ለክተው እያንዳንዱን በራሱ ያባዙት፤ ሁለቱን ደምረው የድምሩን ካሬ ሥር ያውጡ፤ ያንን በ122 ሚሊዮን አባዝተው፥ በሁለቱ ክሮቼራዎች መካከል ያለው ርዝመት በሚሊሜትር ተለክቶ በራሱ ሲባዛ ለሚገኘው ቍጥር ያካፍሉት። የሚያገኙት አደገኛው ፍጥነት ነው፥ በደቂቃ ስንት ዙር እንደ ሆነ። ብልኅ ሰው ከዚህ ከመቶ 75 እጅ በላይ አይሄድም። ለምሳሌ ርዝመቱ 1800 ሚሊሜትር የሆነ፥ የውጭ ስፋቱ 76 የውስጡ 72 የሆነ ቧንቧ ብንወስድ፥ አደገኛው ፍጥነት ወደ 3940 ዙር፥ የሚፈቀደው ደግሞ ወደ 2950 ዙር ይሆናል። የመኪናው ጎማ ዙሪያው 2.3 ሜትር፥ የዲፈረንሻሉም ምጣኔ 4.1 ቢሆን፥ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲነዳ ዘንጉ በደቂቃ 2970 ጊዜ ገደማ፥ በ120 ኪሎሜትር 3565 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ስለዚህ ይህ ቀጭን ዘንግ ገና በ100 ላይ ገደቡን ይነካል፤ በደወሌ መንገድ ላይም መፈራት ያለበት ነው። የውጭ ስፋቱ 100፥ የውስጡ 96 የሆነው ወፍራም ቧንቧ ግን በዚያው ርዝመት የሚፈቀድለት ወደ 3910 ዙር ስለ ሆነ፥ በ120 ላይም ይተርፋል። ዘንጉ ከካምቢዮው በኋላ ያለ እንደ መሆኑ፥ ማርሽ መለዋወጥ በዚህ ሒሳብ ላይ ምንም አይጨምርም፥ አይቀንስምም፤ ዘንጉ የሚታዘዘው ለጎማው ፍጥነት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አሉሚኒየም አንድ ነገር ልበል፤ የሱቁ ወሬ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ነውና። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሢሶ ገደማ ነው፤ ነገር ግን ጥንካሬው፥ ማለት አልጐብጥም ባይነቱ፥ እንዲሁ የብረት ሢሶ ነውና፥ አንዱ ሌላውን አጣፍቶ በእኩል ርዝመትና ስፋት አደገኛው ፍጥነት ከብረቱ ጋራ ተቀራራቢ ይሆናል። ጥቅሙ ክብደት ሳያበዛ ወፍራም ቧንቧ ለመሥራት ማስቻሉ ብቻ ነው። ለአስፋልት መንገድ መልካም ነው፤ ድንጋይ ለሚፈናጠርበት፥ ክረምት ሲመጣ ደረቅ ወንዝ ለሚቋረጥበት አገር ግን እኔ ብረቱን እመርጣለሁ፤ አንድ ጊዜ የተሰረጐደ አሉሚኒየም ሚዛኑን አጥቷል፥ ቀና አድርጎ መመለሱም ከንቱ ድካም ነው። የካርቦን ዘንግ ለእሽቅድምድም መኪና ይቅር። ብረቱም ይሁን አሉሚኒየሙ፥ ወፍራሙ ቧንቧ በመኪናው ሆድ ውስጥ የሚያልፍበት ቦታ እንዳለው ያረጋግጡ፤ አክስሉ በጉድጓድ ተመትቶ ወደ ላይ ሲነሣ ከጭስ ማውጫው፥ ከነዳጅ ጋኑ፥ ከእጅ ፍሬኑ ገመድና ከድሮው የመሐል ኩሽኔታ ማሰሪያ ጋራ እንዳይነካካ፥ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉለት።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት፤ የምድር ባቡሩም ወርክሾፕ የቶርኖና የብየዳ ሙያ ለትውልድ ያስተማረ ቦታ ነው፤ ከዚህ የተነሣ «እዚሁ ቧንቧ ቈርጠን ብንበይደውስ?» የሚል ሐሳብ በዚህ ከተማ ሲነሣ ማንንም አያስገርምም። መልሱ ይቻላል የሚል ነው፥ ነገር ግን በሁለት ግዴታ። መጀመሪያ፥ ሁለቱ ጫፎች በቶርኖ ላይ ማእከላቸው አንድ ሆኖ ከተበየዱ በኋላ፥ ዘንጉ በዝግታ እየዞረ በሚሊሜትር መቶኛ በሚያነብ መለኪያ ሲታይ መካከሉ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ እንዳይወዛወዝ፤ ሁለተኛ፥ በማሽን ላይ በፍጥነት እየዞረ ሚዛኑ እንዲስተካከል፥ ጐደሎውም በትንሽ ብረት ተለጥፎ እንዲሞላ። ሚዛን የሚያወጣለት ማሽን ካልተገኘ፥ የበያጁ እጅ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፥ ያ ዘንግ ለውሃ ፓምፕ ካልሆነ ለመኪና አይበጅም።

ርዝመቱን ለመለካት መኪናው በገዛ ጎማዎቹ በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የተለመደ ጭነቱም ይኑርበት። በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የተወሰደ ልክ ሐሰተኛ ነው። ፍላንጅ ከሚባለው፥ ዘንጉ በብሎን ከሚታሰርበት የካምቢዮው ብረት ፊት እስከ ዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ፊት ለክተው ይጻፉ፤ ወጣ ገባ የሚለው መጋጠሚያ ጨርሶ ገብቶ ከሚደርስበት ቦታ ወደ 25 ሚሊሜትር ያህል ወጣ ብሎ እንዲቆም ለሻጩ ይንገሩት። ያ ክፍተት ከሌለ፥ አክስሉ ወደ ላይ በተነሣ ጊዜ ዘንጉ ካምቢዮውን ከኋላ ይወጋዋል፤ ክፍተቱ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ጥርሶቹ በጥቂት ቦታ ብቻ ተያይዘው ይላላሉ።

ማዕዘኑ ትዕግሥት ይፈልጋል። ክሮቼራ ዘንበል ብሎ ሲሠራ፥ የተቀበለውን እኩል ዙር እኩል አድርጎ አያስተላልፍም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፥ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ይህን ስሕተት የሚሽረው በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ነው፤ እርሱም የሚሽረው ማዕዘኑ ከፊተኛው ጋራ እኩል ሲሆንና መስቀሉን የሚይዙት የሁለቱ ጫፎች ሹካዎች በአንድ ጠፍጣፋ መስመር ላይ ሲተያዩ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ክፍሉ ዘንግ በመሐሉ ኩሽኔታ ምክንያት ይህን ጉዳይ ለሦስት ክሮቼራዎች አከፋፍሎት ነበር፤ አንድ ወጡ ግን ሁሉን በሁለት ይሸከማል። ስለዚህ የካምቢዮውን መውጫ፥ የዘንጉን ቧንቧና የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ዝንባሌ በማዕዘን መለኪያ፥ እርሱ ከሌለ በስልክ ውስጥ ባለው የዝንባሌ መለኪያ፥ አንድ በአንድ ይለኩ። የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዝንባሌ ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይለያይ፤ እያንዳንዱ ክሮቼራ የሚሠራበት ማዕዘን ከግማሽ ዲግሪ እንዳያንስ፥ ከሦስት ዲግሪም እንዳይበልጥ። ግማሽ ዲግሪ ያልኩት ፈጽሞ ቀጥ ያለ ክሮቼራ ሮለሮቹ ሳይንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ስለሚደበድቡ ነው፤ ከላይ ያየናቸውም ሰረዞች አንዱ መምጫቸው ይህ ነው። ብዙ ጭነት ለመጫን ባሌስትራ ያስጨመረ ሰው፥ አክስሉ ከፋብሪካው ልክ ወርዶ ማዕዘኑ ተለውጧልና፥ ሳይለካ አንድ ሳንቲም አይክፈል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ፥ ወይም በካምቢዮው መቀመጫ ሥር በሚገባ ስስ ብረት ይታረማል።

ልኮቹ ተሟልተው ዘንጉ ከመጣ በኋላ ወደ መፍታቱ ይሂዱ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከሁሉ ይቅደም፤ ዘንጉ ሲወጣ ሞተሩና የኋላ ጎማዎቹ ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን በማርሽ አቆመዋለሁ ማለት አይቻልም። በኢሱዙ የጭነት መኪናዎችና በአሮጌ ላንድሮቨሮች ላይ ጉዳዩ ይብሳል፤ የእነዚህ የእጅ ፍሬን ጎማውን ሳይሆን በካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ የሚይዝ ነውና፥ ዘንጉ ሲፈታ ፍሬኑም አብሮ ይሻራል። ስለዚህ ሥራው በተዳፋት ላይ አይሠራ፤ አራቱም ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ይታገዱ፤ መኪናው ቢነሣም በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ።

ከመፍታት በፊት በሁለቱ ፍላንጆችና በዘንጉ ላይ በቀለም መስመር ያስምሩ፤ አሮጌው ዘንግ አንድ ቀን ተመልሶ የሚገባ ቢሆን ቦታውን እንዲያውቅ ነው። የዛጉት ብሎኖች ከዋዜማው ዘይት ጠጥተው ይደሩ። ከኋላ ጀምረው ይፍቱ፤ የዘንጉን ክብደት የሚቀበል አንድ ሰው ከሥር ይኑር፤ በአንድ ክሮቼራ ብቻ ተንጠልጥሎ አይቅር። ቀጥሎ የመሐሉ ኩሽኔታ ማሰሪያ ይፈታ፤ በመጨረሻ የፊተኛው። ዘንጉ በካምቢዮው ውስጥ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ሲወጣ ዘይት ተከትሎ ይፈሳልና፥ ንጹሕ ዕቃና መድፈኛ ጨርቅ ይዘጋጅ፤ በዚያው ጊዜ የዘይት መከላከያውን ጎማ መለወጥ ወደፊት ሁለተኛ ፍቺ ያስቀራል።

ማሰሩ የንጽሕና ሥራ ነው። የፍላንጆቹን ፊት በሽቦ ብሩሽ ጠርገው በእጅ ይዳብሱ፤ በሁለት ፊቶች መካከል የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የቀለም ቅርፊት ዘንጉን ከማእከሉ ታዛንፈዋለች። ብሎኖቹና ዳዶዎቹ አዲስና ለዘንግ የተሠሩ ይሁኑ፤ ከሱቅ የተለቀመ ተራ ብሎን በዚህ ቦታ አይታመንም። ሁሉም በእጅ ከገቡ በኋላ አንዱን አጥብቀው ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፥ እንዲህ በመስቀል ሥርዓት እየተፈራረቁ፥ በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው ኃይል፥ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ያጥብቁ። ከዚያም ዘንጉን በእጅ እያዞሩ አንድም ቦታ የማይነካ መሆኑን ይመልከቱ። ክሮቼራው የግሪስ አፍ ካለው፥ አዲሱ ግሪስ በአራቱም ክዳኖች በኩል ብቅ እስኪል ይገፋ፤ በሦስቱ ወጥቶ በአራተኛው ካልወጣ ያ አራተኛው ደረቅ ነው፤ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እያነቃነቁ እንደ ገና ይሞክሩ።

መፈተኑ በመንገድ ይሁን። መኪናውን በማቆሚያ ላይ ሰቅሎ ጎማውን በፍጥነት ማስሮጥ የተለመደ ድፍረት ነው፤ ነገር ግን አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ማዕዘኑ ሐሰት ስለ ሆነ ጤነኛውን ዘንግ በሽተኛ ያስመስለዋል፥ መኪናውም ከማቆሚያው ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ውስጥ በዝግታ፥ ባጃጆቹን እያሳለፉ፥ በማቆምና በመነሣት ይሞክሩት፤ ቀጥሎ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ ፍጥነቱን አሥር አሥር ኪሎሜትር እየጨመሩ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ይቈዩ፤ በመጨረሻ ጭኖ ደንገጎን ይውጣ። በሜዳው ፍጥነት በጨመረ ቍጥር የሚጨምር፥ ነዳጅ ቢረገጥም ቢለቀቅም የማይለወጥ መንቀጥቀጥ ከሚዛን ነው፤ ዘንጉን ከዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ፈትተው ግማሽ ዙር አዙረው ቢያስሩት አንዳንድ ጊዜ ይሻለዋል፥ ካልተሻለው ወደ ማሽን ይመለስ። በዳገቱ ላይ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣና ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ የማዕዘን ነው። ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላም ብሎኖቹ በዚያው ቁልፍ ይፈተሹ።

ፍርዴን ልናገር። መጠነኛ ርዝመት ላለው፥ ብዙ ጊዜ በአስፋልት ለሚሄድና ከመጠን በላይ ለማይጭን ፒክአፕ፥ በልክ የተሠራ ወፍራም የብረት ዘንግ መልካም ግዢ ነው። ለረዥም ኢሱዙና ባሌስትራው ተጨምሮ ከአቅሙ በላይ ለሚጭን መኪና ግን አልመክረውም፤ ያ መኪና የመሐሉን ኩሽኔታ ይፈልገዋል። እርስዎም ወደ ሱቅ ሲሄዱ ርዝመቱን፥ የሚያስፈልገውን የቧንቧ ስፋትና የሁለቱን ጫፍ ማዕዘን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ወረቀቱን አንብቦ በቍጥር የሚመልስልዎ ሻጭ ካላገኙ፥ በዚያው ገንዘብ አዲስ የመሐል ኩሽኔታና ሦስት ክሮቼራ ገዝተው የነበረውን ዘንግ ያሳድሱ።